አራት ድንጋይ ለዘጠኝ ቁጥር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህ ማረፊያ ቤት ቁልፍ ወገቤ ላይ ነበር። አሥራ አራት በር፣ አሥራ አራት ቁልፍ፣ አንድ ቀለበት። ስራመድ ስለሚንሿሿ እንግዶች እኔ ከመድረሴ በፊት ሱሪያቸውን ታጥቀው ይጠብቁኛል። ሠራተኛውም እንግዳውም «እትዬ ቁልፍ» ይለኛል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ ካለ አብሮኝ ያረጀ ነው።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉን የለቀምኩት ከእንግዳ መዝገብ ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማንበብ የቻልኩት የሰው ስምና «ከየት መጡ» የሚለውን ነው። ስለ ሰው ከዚያ በላይ ማወቅ የሚፈልግ ወሬኛ ነው።

ቤቱን የሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። አናጢ ነበር። አሥራ አራቱንም በር በእጁ ጠርቦ፣ ልጎ፣ ገጥሟል። የመጀመሪያውን፣ ዛሬ ቢሮ የሆነውን የአንድ ቁጥርን በር ሲሠራ አውራ ጣቱን መጋዝ ቆረጠው። ደሙ ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ አሁንም አለ፤ ቫርኒሽ ተቀባበት እንጂ አልጠፋም። እሱ ሲሞት ቤቱ ለልጁ ተላለፈ። እኔም ከዕቃው ጋር አብሬ ተላለፍኩ፦ ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍሌ፣ አልጋዬ፣ ሬዲዮዬና እኔ።

የወንድሜ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የምለው እንዳያስረሳኝ ነው። ጥፋቱ አንድ ነው፤ አዲስ የሆነ ነገር ሁሉ ደህና ይመስለዋል። አምና አንድ ቀን መጥቶ «አክስቴ፣ ቁልፍ የማይፈልግ ቁልፍ አመጣሁልሽ» አለኝ። ውሃ የማይፈልግ ባልዲም አለ፤ ቀዳዳ ነው የሚባለው፣ አልኩት። አልሳቀም።

ባለሙያው ሦስት ቀን ሙሉ በሮቹን ሲበሳ አጠገቡ ቆሜ ዋልኩ። የሰው በር የሚበሳ ሰው ብቻውን አይተውም። ሰጋቱራውን እየጠረግኩ የሚሠራውን አየሁ። አንድ ጥቁር ሳጥን ከበሩ ውጭ፣ አንድ ሳጥን ከውስጥ። ካርድ ሲያስነኩት አረንጓዴ መብራት ይበራና ውስጡ ያለች ትንሽ ሞተር ጥርቅ ትላለች። ሞተሯን የሚያንቀሳቅሰው ከውስጠኛው ሳጥን የሚገባ አራት ድንጋይ ነው። ይህኔ ገባኝ። ለካ የእጅ ባትሪ ወንድም ነው።

የውጭውን ሳጥን ስወለውል ከሥሩ ሁለት ትንንሽ የብረት ጡቶች አገኘሁና እነዚህ ደግሞ ምን ያደርጋሉ ብዬ ጠየቅኩት። ባለሙያው ደግ ልጅ ነበር። ድንጋዩ ጨርሶ ከሞተና በሩ ከውጭ አልከፍት ካለ፣ አራት ማዕዘኑን የሬዲዮ ድንጋይ እዚያ ላይ ደግፎ ይዞ ካርድ ማስነካት ነው፤ በሩ ለአንድ ጊዜ ነፍስ ይዘራል አለኝ። ግን አያስፈልግዎትም እናቴ፣ ዓመት ይሠራል፣ ብሎ ጨመረ። የወንድሜ ልጅ በዚያ ሰዓት ስልክ እያወራ ነበር። ስልክ የያዘ ሰው አጠገብ የተነገረ ነገር ለግድግዳ እንደተነገረ ነው። ግድግዳዋ እኔ ነበርኩ።

ቁልፍ የማይፈልገው ቁልፍ ለካ ቁልፍ አለው። ለክፉ ቀን ተብሎ ለእያንዳንዱ በር አንዳንድ የብረት ቁልፍ አብሮ መጥቷል። የወንድሜ ልጅ አሥራ አራቱንም ሰብስቦ፣ አንድ ካርቶን አዲስ ድንጋይ ጨምሮ፣ ቢሮው ውስጥ አስቀመጠና ቢሮውን በዚያው ሳጥን ቆለፈው። አንዱን እንኳ እኔ ጋ ተው አልኩት።

«አክስቴ፣ ከእንግዲህ እረፊ።»

እረፊ ሲሉኝ የመቃብር ቦታ የሚያሳዩኝ ይመስለኛል። ያን ዕለት ቀለበቱን ከወገቤ ፈታሁለት። ለሳምንት ያህል ስራመድ ወደ ግራ አዘነብል ነበር፤ ቁልፉ በቀኝ በኩል ነበር የሚመዝነው።

ቁልፍ ባይኖረኝም ጆሮ አለኝ። ጠዋት ጠዋት መተላለፊያውን ስወለውል እንግዶች ይወጣሉ ይገባሉ፤ አሥራ አራቱም በር እየተራ ይናገራል። ድንጋዩ አዲስ ሲሆን ጥርቅ ይላል፣ እንደ ወታደር ጫማ። ሲደክም ጥር… ርቅ ይላል። ሊሞት ሲል ደረጃ እንደ ወጣች አሮጊት ያቃስታል። ሳጥኑ ሲደክም ቀይ መብራት ያበራል ተብሎ ነበር። ያበራል፤ ግን ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ እንግዳ ደግሞ እጀታ እንጂ መብራት አያይም።

ሳጥኖቹ በተገጠሙ በስምንተኛው ወር ዘጠኝ ቁጥር ማቃሰት ጀመረ። የዘጠኝ ቁጥር እንግዳ በየሩብ ሰዓቱ ሲጋራ ሊያጨስ የሚወጣ ሰው ነበር፤ በሩን እንደ ማራገቢያ ነው የሚያወዛውዘው። ለወንድሜ ልጅ ነገርኩት። ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። ድንጋይ የሚቀየረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ በባለሙያ ነው ይላል።

«አሥራ አራት ሰው በአንድ ቀን ቢወለድ በአንድ ቀን ይሞታል እንዴ?»

«አክስቴ፣ እነዚህ ዕቃ ናቸው እንጂ ሰው አይደሉም።»

ዕቃማ ይብሳል፤ ሰው ቢያንስ አመመኝ ይላል፣ ብዬው ሄድኩ። ለድንጋይ ራስ ምክር ድንጋይ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ነው።

ወዲያው ወደ እንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሄድኩ። ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ጽሕፈቷ የሚያምር፣ ሰው ቀና ብላ ለማየት የምታፍር ልጅ ናት። የጎደለ ዕቃ ሲኖር እሷ በወረቀት ጽፋ ለዘበኛው ትሰጣለች፣ እሱ ያመጣል፤ ደንቡ ይህ ነው። የዘጠኝ ቁጥር በር ድንጋዩ አልቋል፣ አራት ድንጋይ ይምጣ ብለሽ ጻፊ፣ አልኳት። ጻፈች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ባትሪ የምለው በእጅ ተይዞ የሚያበራውን ነው። ሆዱ ውስጥ የሚገባው ድንጋይ ይባላል። ልጅቷ ግን የተወለደችው ስልክ ግድግዳ ላይ እየተሰካ በሚጠጣበት ዘመን ነው። ለሷ ባትሪ ማለት ስልኳ ውስጥ ያለው ነው፣ ድንጋይ ማለት ደግሞ ድንጋይ ነው። ለበር ድንጋይ ምን ያደርጋል ብላ ልትጠይቀኝ አሰበች፤ ቆይታ እንደነገረችኝ ግን ፈራችኝ። እኔን መፍራት ጥሩ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ያስቸግራል።

ዘበኛው የኔ እኩያ ነው። አስር አለቃ እንለዋለን፤ ትእዛዝ ወዳድ ነው። ድንጋይ ማለት ምን እንደሆነ ከኔ እኩል ያውቃል። ኋላ ስጠይቀው «እትዬ፣ ወረቀቱ ለባትሪ ቢል ኖሮ አውቅ ነበር። የሚለው ግን ለበር ነው። የበር ድንጋይ ደግሞ መደገፊያ ነው» አለኝ። ጥፋት አላገኘሁበትም። ከአጥሩ ጀርባ ሄዶ አራት ድንጋይ መርጦ፣ አፈራቸውን አራግፎ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ ዘጠኝ ቁጥር ደጃፍ አኖራቸው። እሱ ሥራ ሲሠራ አስተካክሎ ነው።

እንግዳው ፍርድ ቤት ክርክር የነበረው ሰው ነው። ይህን ማንም አላወቀም። በሩን ሲከፍት በቁመታቸው የተደረደሩ አራት ድንጋዮች አየ። እሱ ከሦስት ወንድሞቹ ጋር አራት ነው፤ ለየራሳቸው የመቃብር ድንጋይ የተላከላቸው መሰለው። ሲጋራውን ሳይለኩስ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። መኪና ላይ ሆኖ ለወንድሜ ልጅ ደወለና ቤትህ ውስጥ አስፈራሩኝ አለው። ድንጋዩን ማን አኖረው ተብሎ ሲጠየቅ አስር አለቃው «እትዬ ናቸው ያዘዙት» አለ። እውነቱን ነው።

የወንድሜ ልጅ እኔ ጋ መጥቶ አልጠየቀኝም። ወጥቶ ግቢው ውስጥ አየኝ እንጂ። እኔ ደግሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የእጅ ባትሪዬን የደከሙ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አስጥቻለሁ፤ ፀሐይ የመታው ድንጋይ አንድ ሁለት ቀን ይጨምራል፣ ማንም ያውቃል። በዚያ ላይ የሬዲዮዬን አራት ማዕዘን ድንጋይ አውጥቼ ምላሴ ላይ አድርጌያለሁ። ሁለቱን ጫፍ ምላስ ሲነካው ቆንጠጥ ካደረገ ሕይወት አለው፤ ዝም ካለ ሞቷል። ከዚህ የተሻለ መለኪያ እስካሁን አላየሁም። የወንድሜ ልጅ ግን ያየው ሌላ ነው። ያየው አክስቱ ሰው ደጃፍ ድንጋይ ስትደረድር ቆይታ አሁን ባትሪ ስትልስ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ እኔ የተባለውን ሁሉም ሰው ከሰማ በኋላ ነው የሰማሁት። ለእህቱ ደውሎ አእምሮዋ ተነካ ብሏታል። እህቱ፣ ማለትም የወንድሜ ሴት ልጅ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር ደግ ሰው ናት። እኔ ጋ ትምጣ፣ ሶፋ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ምንም አትሠራም አለች። ምንም አትሠራም ያለችው ለመልካም ነው። እኔ ግን የሷን ቤት አውቀዋለሁ። የሚከፈትና የሚዘጋ በር አንድ ነው፤ እሱንም ልጆቿ ናቸው የሚከፍቱት። እዚያ የሄደች አሮጊት እንደ ትራስ ከሶፋው ጥግ ወደ ሶፋው ጥግ ትዘዋወራለች፤ ሰው ሲመጣም ትነሳለች።

ቀኑ ተቆረጠ። ሐሙስ ጠዋት በመኪናው ሊወስደኝ። እስከዚያ ድረስ በሮቹን እንዳልነካ አደራ ተባልኩ።

ለምን አላስረዳሽም ይሉኛል። ማስረዳት ያለበት ያጠፋ ነው። ደግሞ ብናገር ወረቀቱን ማን ጻፈው ይባላል፤ ልጅቷ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። ለሷ ብዬ ነው አላልኩም። የኔ ኩራትና የሷ እንጀራ በአጋጣሚ እዚያው ላይ ተገናኙ ነው የምለው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጫማና ሬዲዮዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ግቢው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አግዳሚው ከቢሮው በር ፊት ለፊት ነው። የወንድሜ ልጅ የመኪና ቁልፉን ሊያመጣ ወደ ቢሮው ሄደ። ካርዱን አስነካ። በሩ ዝም አለ።

አልገረመኝም። አንድ ቁጥር ሁለት ሳምንት ሲያቃስት ነበር። መንካት ተከልክዬ ነበር እንጂ መስማት አልተከለከልኩም፤ መናገር ደግሞ አልተጠየቅኩም።

ካርዱን በሱሪው ጠርጎ አስነካ። ገልብጦ አስነካ። ካርዱን እፍ እፍ ብሎበት አስነካ። ለባለሙያው ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። የብረቱ ቁልፍ የት ነው ብሎ ልጅቷን ጠየቃት፤ ቢሮ ውስጥ ነው አለች። አዲሱ ድንጋይስ? ቢሮ ውስጥ። የመኪናው ቁልፍስ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ እሱን ማንም አልመለሰለትም። በመስኮቱ አይገባ ነገር ወንድሜ ያስገጠመው የብረት ፍርግርግ አለ። ሟች ሌባ አይወድም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ተቀምጫለሁ። ሬዲዮው ጭኔ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ አለ፤ ድንጋዩ ሬዲዮው ውስጥ አለ። ነገሩ ቀላል ነበር። በሩ ከተከፈተ የመኪናው ቁልፍ ይወጣል፣ የመኪናው ቁልፍ ከወጣ እኔ እሄዳለሁ። በሩ ካልተከፈተ ግን ቢያንስ ለዛሬ እዚሁ ነኝ። በሕይወቴ በር ሳይከፈት ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩት ያን ዕለት ብቻ ነው።

የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። 

«እማማ፣ ድንጋዩን እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሄዳለሁ እነግራቸዋለሁ እያልኩ…»

«አንቺ የሰማሽውን ጻፍሽ። ዝም በይ አሁን፣ ሰው ሲቸገር ላይበት።»

አስር አለቃው በሩን በትከሻው እንዲሰብር ትእዛዝ ጠየቀ። የወንድሜ ልጅ ትከሻውን አየውና አይሆንም አለ። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤት ሄዶ መጋዝ ይዞ ተመለሰ። መጋዙን አወቅሁት። እጀታው ላይ ጨርቅ የተጠመጠመበት፣ የአባቱ መጋዝ ነው። በሳጥኑ ዙሪያ ያለውን እንጨት ቆርጦ ሊያወጣው ነው። በሩን በኋላ እናሠራዋለን፣ ዛሬ በር ሞልቷል፣ አለ። የአባቱን በር በአባቱ መጋዝ።

ጥርሱን እንጨቱ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ሳበው። ነጭ መስመር ወጣ። ሁለተኛውን ሊስብ ሲል ተነስቼ ቆሜ ነበር። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ጉልበቴ ሌላ ጊዜ ፈቃድ ሳይጠይቀኝ አይነሳም።

«መጋዙን አውርድ።»

«አክስቴ፣ እባክሽ አሁን ቁጭ…»

«አውርድ አልኩህ።»

አወረደ። አግዳሚው ላይ ቦርሳዬን ፈትቼ ቀሚሶቹን አወጣሁ፣ ጫማውን አወጣሁ፣ ሬዲዮውን አወጣሁ። የጀርባውን ክዳን በጥፍሬ ፈልቅቄ አራት ማዕዘኑን ድንጋይ መዘዝኩና ምላሴ ላይ አደረግኩት። የወንድሜ ልጅ አስር አለቃውን አየው። አስር አለቃው ሰማይ አየ።

ቆነጠጠኝ።

«አለ» አልኩ።

«ማን?» አለ የወንድሜ ልጅ፣ ለበሽተኛ በሚነገርበት ድምፅ።

 በሩ ሥር ተንበረከክኩ። መንበርከክ ቀላል ነው፤ መነሳቱን ሌላ ሰው ያስብበት። ሁለቱን ጡቶች በጣቴ ዳብሼ አገኘኋቸው፤ በየሳምንቱ የምወለውላቸው ናቸው። ድንጋዩን ደግፌ ያዝኩ።

«ካርድህን አስነካ።»

«ምን ላይ?»

«ግንባሬ ላይ። እሳጥኑ ላይ ነዋ።»

አስነካ። ቀይ በራ። ከዚያ አረንጓዴ በራ። ሞተሯ ከጉድጓድ የምትወጣ ይመስል ጥርርር… ርቅ አለች። እጀታውን ገፋሁት፣ በሩ ተከፈተ። ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ ያለው ደም ከዓይኔ ትይዩ ነበር። ደህና ነበር።

የወንድሜ ልጅ ገባ። ሲወጣ የመኪናውን ቁልፍ ይዟል። ቦርሳዬን መልሼ ከተትኩ። አስር አለቃው በብብቴ ይዞ አነሳኝ። አመሰግናለሁ ያለ የለም፤ እኔም አልጠበቅኩም። የጀመረውን ነገር ሳይጨርስ የማይተው ሰው ነው፣ አባቱም እንደዚያ ነበር። «ነይ እንሂድ አክስቴ፣ ፀሐይ ሳይበረታ» አለኝ። ሄጄ መኪናው ውስጥ ገባሁ። አስር አለቃው የግቢውን በር ከፈተ። ሞተሩ ተነሳ። በሬን በገዛ ምላሴ ከፍቼ መውጣቴ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ምላስሽ አንድ ቀን ያስባርርሻል ያለችኝ እናቴ አልተሳሳተችም።

ማርሹን ሊያስገባ ሲል ወደ እኔ ዞረ።

«ድንጋዩ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሁለት ሳምንት ሲያቃስት ነበር።»

«ማን?»

«አንድ ቁጥር ነዋ። ዘጠኝ እንግዳው ከሄደ ወዲህ አርፏል። አራት ቁጥር ከነገ ወዲያ ይሄዳል። አሥራ አንድ እስከ እሑድ ይቆይ ይሆናል፣ እንግዳው ብዙ አይወጣም። ሰባት ዛሬ ነው። አሁን ሰውዬው ቁርስ ላይ ነው፤ ሲመለስ አይገባም።»

ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ከዘጠኝ ቁጥር በኋላ የመጣ ነው፤ አልወደውም። እጁን ማርሹ ላይ አደረገ። በዚህ መሀል ልጅቷ እየሮጠች መጥታ መስታወቱን አንኳኳች። የሰባት ቁጥር እንግዳ ከቁርስ ተመልሶ በሩ አልከፍት አለው፣ ካርዱን ሦስት ጊዜ ቀይራለታለች፣ አሁን እዚያው ቆሞ እየተሳደበ ነው።

የወንድሜ ልጅ ሞተሩን አጠፋ። 

«ውረጂ አክስቴ።»

«ለምን? ማረፍ አለብኝ እኮ። አእምሮዬም ተነክቷል ይባላል።»

አንገቱን ደፋ። ያኔ አስር አለቃው ከግቢው በር ወደ እኛ መጣ። ሲራመድ ሰልፍ ላይ ያለ ይመስላል። ከደረት ኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና በመስኮቱ አቀበለው። የትእዛዝ ወረቀት አይጣልም፣ ለምስክር ይቀመጣል፣ አለ። የወንድሜ ልጅ ዘረጋው። በሚያምር ጽሕፈት «ለዘጠኝ ቁጥር በር፣ አራት ድንጋይ» ይላል። ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ ያጻፍኳት» አልኩ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት።

አንድ ጊዜ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድንጋይ የሚለውን ቃል አባቱ ሲለው ሰምቶ ያደገ ልጅ ነው፤ ወንድሜ ለሥራ ባትሪ በእጁ ይዞ በየጨለማው ጣራ ሥር ሲገባ ይህ ልጅ ነበር ድንጋይ የሚያቀብለው። ረስቶት ነበር እንጂ አጥቶት አይደለም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝም። ለእህትህ ድንጋይ አስቀመጠች ብለህ ነገርክ። ለምን አስቀመጥሽ ብለህ ግን እኔን አልጠየቅክም።»

ወረቀቱን እንደነበረው በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ባገኝ እኔም እሰማዋለሁ።

ከመኪናው ለመውረድ አልቸኮልኩም። የምለውን ሳልጨርስ አልወርድም አልኩት። አንደኛ፣ አሥራ አራቱ የብረት ቁልፎች በድሮው ቀለበት ወገቤ ላይ ይመለሳሉ። የድንጋዩ ካርቶን እኔ ክፍል አልጋዬ ሥር ይቀመጣል፤ የኔ በር የሚዘጋው በመቀርቀሪያ ነው፣ መቀርቀሪያ ድንጋይ አይበላም። ያ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀትም ይነሳ። ለእህትህ ደግሞ አንተው ራስህ ትደውልላታለህ፤ አእምሮዋ ደህና ነው ትላታለህ፣ ምላሷ ግን እንደነበረ ነው በላት። ሁሉንም እሺ አለ። ቦርሳዬንም አንተ ተሸከም አልኩት። ተሸከመ። ቀሚሶቹን በትክክል ስላልከተትኳቸው አንዱ እጅጌ መንገድ ለመንገድ ሲጎተት አየሁ፤ ዝም አልኩት።

የሰባት ቁጥርን በር ስከፍት እንግዳው ስድቡን አቋርጦ ምንድን ነው ምላስዎ ላይ ያደረጉት አለኝ። ዕቃ ነው፣ አልኩት። የወንድሜ ልጅ ከኋላዬ አራት አዲስ ድንጋይ በመዳፉ ይዞ ቆሟል። አንዱን ገልብጦ ሊያስገባው ነበር፤ ራሱ ወደ ላይ ነው አልኩት። በሩ ጥርቅ አለ፣ እንደ ወታደር ጫማ።

የሬዲዮዬ ድንጋይ ከዚያ ቀን ወዲህ ደክሟል፤ ዜና አንባቢው ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የወንድሜ ልጅ አዲስ ገዝቶ ሰጥቶኛል። አላስገባሁትም፤ ለበር ነው የማስቀምጠው። ካርድ እያለ እንግዶች እኔ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ስንሿሿ ሱሪያቸውን መታጠቅ ጀምረዋል። እንደገና ቀጥ ብዬ እራመዳለሁ።

አራቱ ድንጋዮች ግን ዘጠኝ ቁጥር ደጃፍ ከትልቅ ወደ ትንሽ እንደተደረደሩ ናቸው። አስር አለቃው አላነሳቸውም፤ አንሳ የሚል ወረቀት አልደረሰውም። አዲስ እንግዳ እነዚህ ምንድን ናቸው ብሎ ሲጠይቀኝ መጠባበቂያ ናቸው እለዋለሁ።